የመንታ ቃላት ክፍል

አርታኢው የተገኘው ከካርድ መደርደሪያው ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ የወረቀት መጫኛውን ብረት በቀኝ እጁ እንደጨበጠ ነው። መሰላሉ አጠገቡ ወድቋል፤ ጭኑ ተሰብሯል። ሐኪሙ ሦስት ሰዓት ገደማ ወድቆ ከስድስት በፊት መሞቱን ተናገረ። ቶሎ የሚደርስለት ቢያገኝ ኖሮ ይተርፍ እንደነበርም አልደበቀም።

መርማሪዋ አስከሬኑን ትታ ግድግዳውን ማየት ጀመረች። ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ልስኑ በብረት ተወቅሯል። ምቱን መቁጠር ጀምራ አርባ ላይ ስትደርስ ተወችው። ተንበርክካ የወለሉን ጣውላ ስትዳብስ እዚያም ተመሳሳይ ጉድጓዶች አገኘች። ግድግዳውን ትቶ ወለሉን የደበደበው ለምን ይሆን? ጥያቄውን ማስታወሻዋ ላይ አሰፈረችው።

በዚያ ቢሮ የሚዘጋጀው አጻጻፋቸው አንድ፣ ትርጉማቸው፣ ንባባቸውና ምንጫቸው ግን የተለያየ የእንግሊዝኛ ቃላት መዝገብ ነው። ሟች «መልካቸው መንታ፣ እናታቸው ለየቅል» ይላቸው ነበር። ዐይን አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ጆሮ ነው። ከግድግዳው ማዶ የሚሠራው ባልደረባው፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻዋ የሆነ ሴት ያነበበችውን ካሴት እያዳመጠ ንባቡን በፊደላችን ይጽፋል። ከሃያ ዓመት ወዲህ የገዛ ስሙ ተረስቶ «ጆሮ» ነው የሚባለው። በዚህ ስም ይኮራበታል።

«ጋሽ ጆሮ፣ ያን ቀን ጠዋት ከክፍልዎ ወጥተው ነበር?»

«የለም፣ ልጄ። ከወንበሬም አልተነሣሁ።»

«ታዲያ ምን ሰሙ?»

«ሲያፏጭ ነዋ! ሥራ ሲይዝ ያፏጫል። እስከ አምስት ተኩል ሰምቼዋለሁ።»

መርማሪዋ ጭኑ የተሰበረ ሰው ሲያፏጭ ሰምታ አታውቅም፤ አመስግናው ወጣች።

ጸሐፊዋ ያን ቀን ማተሚያ ቤት ነው የዋለችው። ሻርፗን እየጠመዘዘች «ሰው ማማት አልወድም» አለች፤ ከዚያ አማች። «በዋዜማው ተጋጭተው ነበር። ሟቹ ጋሼ ‹ከሰኞ ጀምሮ ካሴቱን ሌላ ሰው ያዳምጠው› አሏቸው። የጋሽ ጆሮ ፊት ጠቆረ።»

«ከአንቺስ ጋር እንዴት ናቸው?»

«ደግ ናቸው። ከኋላ ስጠራቸው ብቻ አይወዱም። ‹ፊት ለፊቴ ቁሚ እንጂ፣ ምን ያሽሎከልክሻል!› ይሉኛል።»

ዘበኛው እንግዳ አለመግባቱን በእናቱ ስም ማለ። ከግቢው ውጭ መንገድ የሚያፈርሰው ማሽን ሲያጓራ ስለዋለ፣ እሱ ከበሩ ሆኖ መለከት ቢነፋም እንደማይሰማ ነገራት። ስለ ባልደረባው ስትጠይቀው ሳቀ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ቢሮው ሙሉ ሲያማቸው የማይሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

መርማሪዋ አልሳቀችም። ጸሐፊዋን በጆሮ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ማሽኑ እያጓራ፣ ከማዶ ግድግዳውን በብረቱ አንዴ መታችው። ጸሐፊዋ በድንጋጤ ጮኸች።

በማግስቱ የሟች ሚስት፣ ጸሐፊዋና ዘበኛው በጆሮ ክፍል ተሰበሰቡ። አንድ ፖሊስ ካቴናውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ሟችን ገፍቶ የጣላቸው የለም» አለች መርማሪዋ። «የመሰላሉ መርገጫ ተሰብሮ ነው። የሞቱት እያንኳኩ ሰው ስላልደረሰላቸው ነው። እርስዎ ፉጨት ከሰሙ፣ ብረቱንም ሰምተዋል ማለት ነው።»

ጆሮ ከንፈሯን ትኩር ብሎ አየ።

«ሰምቻለሁ። ተቀይሜው ነበር፤ ዝም አልኩት።»

የሟች ሚስት «አንተ አረመኔ!» ብላ ተነሣች። ፖሊሱ አንድ እርምጃ ሲራመድ መርማሪዋ በእጇ አስቆመችው። ቴፑን ጆሮ ፊት አስቀምጣ ከፈተችው።

«የመጨረሻውን ካሴት አንዴ ይጻፉልኝ።»

ካሴቱ መዞር ጀመረ። ጆሮ አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ጻፈ፦ «ሊድ፣ መምራት። ሌድ፣ እርሳስ የተባለው ብረት። ቲር፣ እንባ። ቴር፣ መቅደድ።» የመንገዱ ማሽን ቆሟል፤ ክፍሉ ውስጥ የብዕሩ ጭረት እንጂ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ጸሐፊዋ ቀና ብላ ዘበኛውን አየችው፤ ዘበኛው ዐይኑን ሰበረ።

መርማሪዋ ከጀርባው ሄዳ ቆመች። «ካሴቱ ባዶ ነው» አለች።

ጆሮ መጻፉን ቀጠለ።

ሰውን በአደባባይ ያራቆተች ያህል አፈረች። ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመችና ቀስ እያለች ተናገረች።

«ሟች ጠርጥረው፣ በዚያ ሳምንት የቃላቱን ቅደም ተከተል አቀያይረው ካሴቱን እንደገና ቀዱት። አዲሱ ካሴት የሚጀምረው ‹ዊንድ፣ ነፋስ› በሚለው ነው። እርስዎ ከእሱ የጻፉት ወረቀት ግን እንደ ድሮው በ‹ሊድ› ይጀምራል። ፉጨቱንም ከሟች ልማድ ተነሥተው ነው የነገሩኝ። ደንቆሮ ከመባል ነፍሰ ገዳይ መባልን መረጡ።»

ብዕሩ ከጆሮ እጅ ወደቀ። የሟች ሚስት መቆጣቱም መቀመጡም ጠፍቷት ቆማ ቀረች።

«ሟች ያውቁ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ግድግዳውን መምታቱ ዋጋ እንደሌለው ትዝ ሲላቸው፣ ወለሉን መቱልዎ። ጣውላው ከእሳቸው ክፍል እስከ እርስዎ ወንበር አንድ ነው።»

ጆሮ ቁልቁል ጫማውን አየ።

«ተሰምቶኛል» አለ። «በእግሬ። የመንገዱ ማሽን መሰለኝ።»

«እና ምን አደረግክ?» አለች የሟች ሚስት።

ተናግራ እስክትጨርስ አፏን አይቶ መለሰላት።

«ሥራ አላሠራ ሲለኝ፣ እግሬን አንሥቼ ከወንበሩ ላይ ሰቀልኩት።»