ጆሮ ያልሰጡት ፉጨት

ዶክተር ልዑልሰገድ ከምሳ ተመልሶ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገባ ጓንቱን እንደ ወትሮው በንቀት ነው ያጠለቀው፤ ለድመት ጥርስ ብሎ ነገር፣ ሰው እንኳ በወጉ ሳይታከም። ገርጂ ውስጥ ከአንድ ቪላ ሥር ከባልደረባው ጋር የተከራዩዋት የእንስሳት ክሊኒክ በክረምቱ ዳመና ገና በቀትር ጨልማለች፤ የአልኮል፣ የእርጥብ ፀጉርና የላስቲክ ሽታ ተደባልቆ ግድግዳው ላይ የተለሰነ ይመስል መስኮት ቢከፈትም አይወጣም። ጠረጴዛው ላይ የወይዘሮ ስንዱ ድመት ዛጎል ጥርሷ ሊነቀል በማደንዘዣ ተኝታለች። ወይዘሮ ስንዱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ከዚህች ድመት በቀር ቤታቸው ውስጥ የሚተነፍስ ነገር የለም።

«ዶክተርዬ፣ አደራ። እሷን ካጣሁ ባዶ ቤት ነው የምገባው» ብለውት ነበር።

«ድመት እኮ ናት፣ ወይዘሮ ስንዱ» አላቸው ፊታቸውን እንኳ ሳያይ።

የመተንፈሻ ቱቦውን በአፏ አድርጎ ወደ አየር ቧንቧዋ ሰደደው። ቱቦው ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ፊኛ አለች፤ አየር ሲገባባት ታብጥና በቱቦውና በቧንቧው መካከል ያለውን ክፍተት ትዘጋለች። ሥራው ይኸው ነው፦ የኦክስጅኑን ከረጢት ጨመቅ እያደረጉ፣ ጆሮን ወደ እንስሳዋ አፍ አስጠግቶ በጎን የሚያመልጠውን ፉጨት ማዳመጥ፣ በስሪንጅ ጥቂት በጥቂት አየር መጨመር፣ ፉጨቱ ሲጠፋ እዚያው ላይ ማቆም። ከዚያ ካለፉ የድመት ቧንቧ ስስ ነው፣ ይቀደዳል። ልዑልሰገድ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ተምሮታል፣ ተፈትኖበታልም። ግን ይኼ ልቡ ያበጠ ሰውዬ ለድመት አፍ ጎንበስ ሊል? ስሪንጁን ሙሉ አየር ይስብና እስከ መጨረሻው ይጨምቀዋል፣ በቃ። ከእሱ ጠረጴዛ የተመለሱ ድመቶች በነጋታው አንገታቸው ሲያብጥ፣ ቆዳቸው ሲነካ ከሥር እንደ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ፣ ባለቤቶቻቸው እያለቀሱ ሲደውሉለት «ብርድ መቷት ይሆናል» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። አብራው የምትሠራው ዶክተር ሶስና ስንቴ ነገረችው።

«ልዑል፣ አዳምጥ እንጂ። ጆሮህን ብታስጠጋ ምን ይቀነስብሃል?»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ዛሬም ስሪንጁን ሞልቶ ጨመቀ። ፉጨቱን የሰማው ያኔ ነው። ጎንበስ አላለም፣ ጆሮውንም አላስጠጋም፤ ቀጥ ብሎ እንደቆመ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ በተዘጋ በር ሥር እንደሚገባ ነፋስ፣ ውጭ ከሚወርደው ዝናብና ከማደንዘዣው ማሽን ጉርምርምታ ተለይቶ መጣለት። ፊኛዋ በደንብ አልሞላችም ማለት ነው ብሎ ደገመ። ፉጨቱ አልጠፋም፤ እንዲያውም ቀረበ። ከምሳ ጀምሮ የጠበበበት የሸሚዙ ኮሌታ አሁን አንገቱን ያዝ አደረገው፣ ምራቁም ላስቲክ ላስቲክ አለው።

«አንቺ ደግሞ» አለ ድመቷን በጥላቻ እያየ፣ እልህ ይዞት ሌላ ስሪንጅ ሞላ።

ጨመቀ። ፉጨቱ ቀጠለ። እንደገና ሞልቶ ጨመቀ። ይህን ያህል አየር እንኳን ድመት በሬም አይችለውም፤ ሆኖም የዛጎልን አንገት ሲዳስሰው ቀጭን፣ ለስላሳና ጸጥ ያለ ነው፣ ከሥሩም የሚንኮሻኮሽ ነገር የለም። ታዲያ አየሩ የት ገባ? ማቆም ነበረበት፤ ግን ለድመት ተሸንፎ ስሪንጅ ማስቀመጥ ለእሱ ውርደት ነው፣ ጨመቀ። የኮሌታው ቁልፍ ተበጥሶ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ።

ዝናቡ አባራ። ማሽኑም ምን እንደነካው ዝም አለ። ክፍሉ ውስጥ የቀረው ፉጨቱ ብቻ ሲሆን፣ ልዑልሰገድ ትንፋሹን ያዝ አደረገና ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ አዳመጠ። ፉጨቱ አብሮት ቆመ። ሲተነፍስ ተመለሰ። ጓንት ባጠለቀ እጁ አንገቱን ነካ፤ ቆዳው ከአገጩ እስከ ደረቱ ተነፍቷል፣ ጣቱ ባረፈበት ሁሉ ከሥር ይንኮሻኮሻል።

ሶስናን ሊጠራት አፉን ከፈተ፣ ከአፉ የወጣው ግን ያው ቀጭን ፉጨት ነበር። ጠረጴዛውን ሊይዝ ሲል ስቶት በጀርባው ተዘረረ። ከተዘረረበት ቀና ብሎ ሲያይ የመተንፈሻው ቱቦ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ደረቅ ነው፣ አንድም የምራቅ ጠብታ የለበትም፣ የማንም አፍ ውስጥ ገብቶ የሚያውቅ አይመስልም።

ከበሩ ውጭ ወይዘሮ ስንዱ ሲናገሩ ሰማ።

«ልጄ፣ ምነው ዝም አለ? ደህና ናት?»

«አይዞዎት» አለች ሶስና። «ዝም ካለስ ዛሬ እያዳመጣት ነው ማለት ነው። አንረብሸው።»

ዛጎል ዓይኗን ገለጠች፤ ከጠረጴዛው በዝግታ ወርዳ ደረቱ ላይ ወጣች፣ ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች፣ ፉጨቱም እስኪጠፋ ድረስ ሳትቸኩል አዳመጠች።