ለኮይ የተተወው ድምፅ

ማመን ያቃተው ይተወው፣ አልፈርድበትም። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ... ባንጆዬን ታቅፌ።

ዕለቱ እሑድ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጨለማ የለም፣ ዝናብ የለም፣ ሰው የሚያስፈራ ነገር አንድም የለም።

ቦታው አሜሪካ፣ ምሥራቅ ኬንታኪ ነው፤ ከቤታችን በላይ ጉብታው ላይ ያለው የቤተሰባችን መቃብር። በእኛ ተራሮች ሐምሌ የበጋው እምብርት ነው። በየዓመቱ በዚያ ወር አንድ እሑድ ዘመድ አዝማዱ ይሰበሰባል። ሣሩን ያጭዳል፣ መቃብሮቹ ላይ የፕላስቲክ አበባ ያኖራል፣ ዛፉ ሥር ተቀምጦ የተጠበሰ ዶሮና የድንች ሰላጣ ይበላል። ከዚያ ይዘፈናል።

የምንዘፍነው ሁልጊዜ ስለ በጋ ሽውታ ነው። ካንትሪም ይሁን ብሉግራስ የሚባለው የተራራችን ሙዚቃ፣ አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ይወዳቸው የነበሩት ዘፈኖች ሽውታ አያጡም። ሽውታው የፍቅረኛ ናፍቆት ያመጣል፣ ሽውታው የባቡር ድምፅ ይዞ ያልፋል... "የአያታችን ዘፈኖች ጉንፋን ያስይዛሉ" እያልን እንስቅ ነበር።

አሁን አንስቅም።

ቤታችን የሚዘፍነው በሦስት ድምፅ ነው። እናቴ ዴልፊያ ጊታር ይዛ ዋናውን ዜማ ታወጣለች። እኔ ዶይል ክብ ሆዱ ላይ ቆዳ የተወጠረ ባንጆ ይዤ ከሥር ወፍራሙን። ታናሽ ወንድሜ ኮይ ደግሞ ከላይ ቀጭኑን።

ኮይ መኪናው ገደል ገብታ ሞተ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ስለ እሱ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ ታስፈልጋችኋለች። ልጆች ሳለን በወረወርኩት ኳስ አፍንጫውን ሰብሬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አዝማቹ ላይ ሊገባ ሲል አየር በሳበ ቁጥር አፍንጫው ያፏጫል።

ፊ...ት።

"ባቡሩ መጣ!" እያልኩ አበሽቀው ነበር።

እንግዲህ በእኛ ቤት ልማድ፣ ዘፋኝ ሲሞት ድምፁ አንድ በጋ ባዶውን ይተዋል። አዝማቹ ላይ ሟቹ ብቻውን ይገባባት የነበረችው ቦታ ስትደርስ ሁላችንም ጸጥ እንላለን። አራት ምት ቆጥረን እንቀጥላለን። በሁለተኛው በጋ ግን ድምፁ በሕይወት ላለ ሰው ይሰጣል። የሟቹ ታላቅ መቃብሩ አጠገብ ቆሞ "ይህ ድምፅ ያንተ ነው" ይላል፣ በአፉ፣ ጮክ ብሎ። በቃ፣ ያኔ ቦታው ተያዘ።

ለምን እንደሆነ አያቴ ነግሮን አያውቅም። "ከአንድ በጋ በላይ አይተውም" ብቻ ነበር የሚለው።

ያ እሑድ ለኮይ ሁለተኛው በጋ ነበር። ድምፁን የምትረከበው ሚስቴ ኔቲ ናት። ወራቱን ሙሉ ሳህን እያጠበች ስትለማመድ ነው የከረመችው።

ዘመዶቻችን ዛፉ ሥር ገና ሲበሉ፣ እኛ መቃብሮቹ ዳር ተቀምጠን ልንጀምር ስንል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"ዶይል... ልጄ። አንድ በጋ ጨምርልኝ።"

"እማዬ፣ ሁለተኛው ዓመት እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ባዶ ሲሆን... ያለ ይመስለኛል። ሌላ ሰው ከገባበት ግን አለቀ።"

አጎቴ ሆባርት፣ የእናቴ ወንድም፣ ማንዶሊኑን፣ ያችን ትንሽ ጊታር መሰል መሣሪያውን፣ እየቃኘ ሰምቷታል።

"ዴልፊያ፣ እብደትሽን ተይ! አባታችን ያለውን ረሳሽው?"

"አባታችን ልጁን አልቀበረም፣ ሆባርት።"

አጎቴ ወደ ማንዶሊኑ ክሮች ተመለሰ። ውሳኔው የእኔ ነበር። ኔቲን አየኋት፤ ትከሻዋን ነቀነቀች።

"እኔ ምን ቸገረኝ? ለከርሞ እዘፍናለሁ። ደስ ይበላቸው።"

"እሺ" አልኩ።

ምነው ያን ጊዜ ምላሴ በተሳሰረ!

ጀመርን። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ላቤ ባንጆው ቆዳ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እናቴ ዓይኗን ጨፍና አዝማቹን ያዘች፦

"ነይ የበጋ ሽውታ፣ ጋራውን ውረጂ፤
ደጄ ክፍት ነው፣ ቤቴን ልመጂ።"

የኮይ ቦታ ደረሰች። ዝም አልን።

አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት።

ምንም አልሆነም። ብቻ፣ ዛፉ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ሲጮኹ የዋሉት ፌንጣዎች አብረውን ዝም አሉ። እኛ ስንቀጥል እነሱ አልቀጠሉም።

ሁለተኛው አዝማች መጣ። ዝም አልን።

የኔቲ ፀጉር ግንባሯ ላይ ተነሣ።

"እያራገብሽ ነው?" አልኳት በሹክሹክታ።

ማራገቢያዋ ጭኗ ላይ ነበር። እጇ አልነካውም።

ዞር ብዬ ወደ መቃብሮቹ አየሁ። አርባ መቃብር ነው፤ ሁሉም ላይ አበባ አለ። የሠላሳ ዘጠኙ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የኮይ ብቻ ጎንበስ ብሏል... ወደ እኛ። ወደ እናቴ።

ሦስተኛው አዝማች። ዝም አልን።

አንድ... ሁለት...

ፊ...ት።

አጎቴ ማንዶሊኑን ጣለው።

ከዚያ ድምፁ ገባ። ከላይ፣ ቀጭን፣ ጥርት ያለ። ነፋስ ነው እንዳልል ቃል አለው። ሰው ነው እንዳልል አፍ የለውም።

የእናቴ ጉንጭ በእንባ ታጠበ። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። እኔም ለአንድ አፍታ ወንድሜ ናፈቀኝና ልቤ ተንሰፈሰፈ። አልዋሻችሁም።

ዘፈኑ ሦስት አንጓ ነው ያለው። ማቆም ነበረብን።

እናቴ አራተኛውን ጀመረች።

"እማዬ... በቃ።"

"ዝም በል። ካቆምን ይሄዳል።"

"ይህን አንጓ ከየት አመጣሽው?"

አምስተኛውን ጀመረች። እኔ የማላውቀውን ዜማ ጣቶቼ ያውቁታል።

"ዶይል፣ አቁም!" አለች ኔቲ።

"እያቆምኩ ነው!"

ጣቶቼ አልሰሙኝም። ባንጆውን ልወረውረው ፈለግሁ፤ እጄ አልለቅም አለ። ወፍራሙም ድምፅ ከደረቴ መውጣቱን ቀጠለ።

"ኔቲ!" ጮኸ አጎቴ። "ግቢበት! ቦታውን ያዥው!"

ኔቲ ተነሣች። ፈሪ አይደለችም ሚስቴ። አፏን ከፈተች... ግን ድምፅ አልወጣም። አየር ብቻ ወደ ውስጥ ገባ፣ ብዙ አየር። አንቆ ያዛትና በጉልበቷ ተንበረከከች።

ያን ጊዜ ነው የእናቴን ከንፈር ያየሁት።

ተገጥሟል። ፈገግ ብላለች። ከንፈሯ ተገጥሞ ሳለ ድምፅዋ ይዘፍናል... ከኮይ መቃብር በላይ ካለው አየር ላይ።

"እማዬ!" ልል አፌን ከፈትኩ።

ምንም።

የእኔም ድምፅ እዚያ ማዶ ነበር። ከሥር፣ በልኩ፣ ዜማውን ሳይስት እየዘፈነ። እኔ አፌን ከፍቼ አዳምጠው ነበር።

ሦስቱም አብረው ጨረሱ። ሽውታው ቆመ። የኮይ አበባ ቀና አለ። ጊታሩ ከእናቴ ጉልበት ተንሸራቶ ሣሩ ላይ ወደቀ።

የእናቴን አሟሟት ሐኪሙ "ሙቀቱና ልቧ ነው" አለ።

ዛፉ ሥር ሲበሉ የነበሩት ዘመዶቻችን ምንም አላዩም። ስለ ዘፈኑ ብጠይቃቸው፣ በወረቀት ነው የጠየቅኳቸው፣ ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ? "ኔቲ እንደ ኮይ አድርጋ ዘፈነችው፣ ግሩም ነበር።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅ የለኝም። ሌክሲንግተን ከተማ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ታየሁ፤ "ጉሮሮህ ደህና ነው" አሉኝ። ይህንንም የምጽፍላችሁ መናገር ስለማልችል ነው።

ዘንድሮ ለመዝፈን ወደ መቃብሩ አልወጣንም። አጎቴ በየሳምንቱ እየመጣ ያለቅሳል፦ "ስጣት እንጂ ዶይል! የኮይን ድምፅ ለኔቲ ስጣት፣ ቦታው ይያዝ!" እንዴት ብዬ? ድምፅ የሚሰጠው በአፍ ነው። ሰጪው እኔ ነኝ። በጽሑፍ ሞከርኩ፣ አጎቴ ወረቀቱን ይዞ ወጥቶ መቃብሩ ላይ አነበበው። በማግሥቱ ወረቀቱን በረንዳዬ ላይ አገኘሁት፤ በማይነፍስ ቀን።

ባለፈው እሑድ በረንዳው ላይ ተቀምጫለሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቅጠል አይንቀሳቀስም።

የመስኮቱ መጋረጃ ግን ወደ ውስጥ ተነፋ።

መጀመሪያ የእናቴ ድምፅ መጣ፣ "ነይ የበጋ ሽውታ" እያለ። ቀጥሎ ወፍራሙ ገባ።

የእኔ ድምፅ።

ቀጭኑ የለም። ቦታው ሲደርስ ሁለቱም ዝም አሉ። አራት ምት ቆጥረው ቀጠሉ።

ውስጥ ሳህን ወድቆ ተሰበረ።

"ዶይል?! ድምፅህ! ድምፅህ ተመለሰ!"

ኔቲ የሳሙና አረፋ ከእጇ እየተንጠባጠበ ሮጣ ወጣች። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። ራሴን ነቀነቅሁ። የተገጠመ አፌን በጣቴ አሳየኋት። አላየችኝም፤ ከደስታዋ ብዛት ዓይኗን ጨፍናለች።

"ቆይ የኔ ጌታ... ቆይ፣ አብሬህ ልግባ።"

አዝማቹ መጣ። ቦታው ደረሰ። ዘልዬ አፏን በመዳፌ ከደንኩት።

ኔቲ ዓይኗን ሳትከፍት፣ ተሰብሮ በማያውቅ አፍንጫዋ አየር ሳበች።

ፊ...ት።