የእማማ የሺ ትንሿ ካሴት

መንፈስ ታየ፣ ጥላ አለፈ ሲባል ከሚስቁት ነኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የተበላሸ ቴሌቪዥን ስከፍት ከአቧራና ከበረሮ ሌላ ያገኘሁት የለም፣ ስለዚህ ይህን ሳወራህ የማሾፍ እንዳይመስልህ።

እንጅባራ ውስጥ የድሮ የሠርግ ካሴት ወደ ፍላሽ የምገለብጥበት ሱቅ ነበረኝ። የሰፈራችን ባልቴት እማማ የሺ አንድ ቀን በሻሽ የተጠቀለለ ካሴት ይዘውልኝ መጡ፣ ልጃቸው ፈንታሁን በጥር ጊዮርጊስ ሲጋልብ አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ፈረንጅ የቀረጸው ነው፣ ልጁ በደርግ ጊዜ ዘምቶ ቀረ፣ ፎቶ እንኳ የለውም። መርዶው ሲመጣ እሳቸው ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም አሉ፣ እኛ አገር ለሟች እንደሚደረገው ፈረሱን በባዶ ኮርቻ ለቅሶ ላይ አላስጎተቱም።

ጣጣው ካሴቱ ከተለመደው የሚያንሰው ዓይነት ነው፣ የእኔ ማጫወቻ ዴክ ውስጥ አይገባም። የሠራው ፋብሪካ ምስሉ ከሁሉ የጠራ ነበር፣ ግን ሌሎቹ ፋብሪካዎች ተባብረው ትልቁን ካሴት ሲያወጡ እሱ የእኔ ይበልጣል ብሎ ብቻውን ቀረ፣ ሰውም ፊልም ወደሚበዛበት ሄደ። ጎበዝ ሠሪ ሲሸነፍ አልወድም፣ እልህ ያዘኝና የዚህን ካሴት ማጫወቻ ጫግኒ አንድ ነጋዴ ቤት የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሆኖ አገኘሁት፣ ላስቲኩን ቀይሬ አስነሣሁት።

ጠዋት ብቻዬን ሞከርኩት። ልጁን አየሁት፣ በማርያም እልሃለሁ አየሁት፣ እማማ የሺ እንደነገሩኝ ዳማ ፈረስ ላይ ሆኖ ወደ ካሜራው እየሳቀ አለፈ። መገልበጡ ይደርሳል፣ መጀመሪያ እናት ትየው ብዬ እማማ የሺን ልጠራ ሮጥኩ።

መጥተው ስክሪኑ ሥር ተቀመጡ፣ ካሴቱን ከመነሻው ለቀቅኩት። መጀመሪያ የኮቴ ድምፅ ተሰማ፣ ጠዋት እኮ ድምፅ የሚባል አልነበረውም። ፈረሰኞቹ አንድ በአንድ አለፉ፣ ሁሉም እንደ ጠዋቱ ናቸው፣ ከዚያ ዳማው መጣ፣ ኮርቻው ባዶ ነው። ደግሞም አይጋልብም፣ እንደ ለቅሶ ቀን አንገቱን ደፍቶ ቀስ እያለ ይራመዳል።

መለስኩት፣ ባዶ። አውጥቼ አስገባሁት፣ ባዶ። ምን ላድርግ፣ የተበጠሰ ሽቦ አይደል ልበይደው።

«ፈረሱስ መጣ» አሉ እማማ የሺ በቀስታ፤ «ልጄስ?»

«ጠዋት ነበር እማማ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ተነሡ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ያን ሁሉ ዘመን አምቀው የያዙትን ለቅሶ እዚያው ሱቄ ውስጥ ጀመሩት፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ እኔ ቆሜ ከማየት በቀር አንዲት ነገር አልቻልኩም። ትንሽ በረድ ሲልላቸው እጄን ያዙኝ።

«አንተስ አይተኸዋል። እስቲ ንገረኝ ልጄ፣ መልኩ ምን ይመስል ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። ዳማው ትዝ አለኝ፣ አለንጋው ትዝ አለኝ፣ መሳቁንም አውቃለሁ፣ ፊቱ ግን የለም፣ እመነኝ ድርግም ብሎ ጠፋኝ፣ እስከ ዛሬም ስፈልገው አጣዋለሁ። እሳቸው ግን እጄን አልለቀቁም።