ከማንጎው ሥር የተቀመጡት

የሻረግ በልጇ በትሕትና ጫማ ላይ ቀይ አፈር ያየችው ልጅቷን እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ ነው። የትምህርት ቤቱ ግቢ ሲሚንቶ፣ የቤታቸው ደጅ ጠጠር ነበር። ታዲያ ይህ አፈር ከየት መጣ?

ትሕትና በእንቅልፏ ሹክ አለች።

«ዝም... ሊነቁ ነው።»

የሻረግን ውርር አደረጋት። ባሏ ወደ ኡጋንዳ በሚወስደው በኒሙሌ መንገድ ላይ ከሞተ ወዲህ ክፉ ነገር አይቀርም እያለች ነው የምትኖረው። የጁባ ዳር አፈር ደግሞ ፈንጂ አያጣም።

በማግስቱ በካስተም ገበያ ያለውን ሱቋን ለጎረቤት ትታ በቦዳ ሞተር ሳይክል ትምህርት ቤቱ ወዳለበት ወደ ጉዴሌ በረረች። ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ። ዘበኛው ከአጥሩ ጀርባ ያለውን ሜዳ አመለከታት።

አሥራ ሁለት ልጆች ከአንድ ትልቅ ማንጎ ሥር ተራርቀው ተቀምጠዋል። ዐይናቸው ተጨፍኗል። እጃቸው አፈር ላይ ነው። ሳል እንኳ አይሰማም። አዲሱ መምህር እሱባለው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ መካከላቸው ቆሟል። ነፋስ የለም፤ የዛፉ ጥቁር ቅጠል ግን ይንቀሳቀሳል...

መንፈስ እየጠራባቸው ነው!

«በኢየሱስ ስም!» ብላ ጮኸች።

ቅጠሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከዛፉ ተነሣ። ክንፍ አውጥቶ፣ እየጮኸ፣ ሰማዩን አጨለመው።

«እማ! የሌሊት ወፎቹን አባረርሻቸው!» አለች ትሕትና እያለቀሰች።

«ሲነቁ ለመስማት ሦስት ሳምንት ጸጥ ብለን ጠብቀናል፣ እህት የሻረግ» አለ እሱባለው። «ሰይጣንም ካለ አሁን ሄዷል። በደንብ ገሥጸሽዋል።»

ልጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«ፈንጂ ቢረግጡስ? ለወላጅ ኮሚቴው እነግራለሁ፤ ትምህርቱ ይቆማል!»

የእሱባለው ፊት ጠቆረ። አንድ ወላጅ ከተቃወመ ልጆቹ ዳግመኛ ከአጥር እንደማይወጡ ያውቃል።

«ፈንጂ አምካኞች ፈትሸውታል» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ግን አላመንኩም። ልጆቹ ከመቀመጣቸው በፊት በእያንዳንዳቸው ቦታ ላይ ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ የትሕትና ቦታ ላይ።»

«ለምን የእሷ?»

«እናቷ ሌላ ሰው ማጣት አትችልም ብዬ...»

እስከዛሬ ሁሉም የሻረግን «አትፍሪ» ይሏት ነበር። አብሯት የፈራ ሰው ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ቅዳሜ ኮሚቴው ፊት ቆመች።

«ልጆቹ ይውጡ» አለች። «እኔም አብሬያቸው እቀመጣለሁ።»

ሦስት ወር ሙሉ ተቀመጠች። በአራተኛው እሱባለው ሽማግሌ ላከ።

የተጋቡ ዕለት አመሻሽ ላይ እንግዶቹ ተሸኙ፤ ትሕትናም ከነቀሚሷ ተኛች። የሻረግ በሩን ልትዘጋ ስትል ደጁ ላይ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ሰማች።

«እሱባለው... ሰው አለ።»

ባትሪ ይዞ ከጎኗ ቆመ። አብረው ወደ ውጭ አዩ። ማንም የለም። ጠጠሩ ግን አንዴ ደግሞ ተንኮሻኮሸ፤ ከዚያ ዝም አለ።

«ፈራሁ» አለች።

«እኔም» አለ፤ እጇን አጥብቆ ያዘ።

የሻረግ ሳቋ መጣ። እየሳቀች በሩን ዘጋች፤ ቁልፉንም ሁለት ጊዜ አዞረችው።