ከቀዩ ክር ወዲህ ያለው ሁለት ክንድ

ባጫ በሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን እንደዘረጋ፣ አንገቱ በገዛ ድሩ ክር ታንቆ ተገኘ። የሽሮ ሜዳው የሸማኔዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነበር፤ አፉ መራራ፣ የሰው ድርሻ ግን የማይነካ ሽማግሌ። ሬሳው ሳይነሳ አባላቱ እጅ አውጥተው ፈታይዋን ጀዊሪያን ከማኅበሩ አባረሩ። ምሳ ይዛ መጥታ ያገኘችው እሷ ናታ! ባል የሌላት ሴት ለመክሰስ ትቀላለች።

ኢንስፔክተር ሾዴ የቀጨኔ ሸማኔ ልጅ ናት። ከሬሳው ይልቅ ጨርቁን አጎንብሳ አየች።

«እትዬ ጀዊሪያ፣ ይህ ቀይ ክር ምንድነው?»

«እኔ ነኝ የማስረው፣ ልጄ። ደንባችን ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የየሰዉ ጨርቅ የደረሰበት ላይ አስራለሁ። ከክሩ ወዲህ ያለው የዕለቱ ሥራ ነው። ዛሬ ሌላው ሁሉ ወደ ባዛር ስለሚሄድ የባጫን ብቻ አስሬ፣ ሰላም ብዬው ሄድኩ።»

ሶሬሳ፣ የማኅበሩ አንደኛ ሸማኔ፣ ጣልቃ ገባ። «ሁለት ክንድ ሸምኗል። ባጫ ይህን ለመጨረስ ቀትር ይሆንበታል። እኔ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ዊንጌት ባዛር ላይ ነኝ፤ ሃያ ሰው ይመስክር። ታዲያ በቀትር እዚህ ማን መጣ?»

«አንተስ?» አለችው ሾዴ ወጣቱን ሸማኔ ዮናስን።

«ከንጋት ጀምሮ ባዛሩ ላይ ድንኳን ስተክል ነበርኩ። ቀትር ላይ ግን ጋቢ ላመጣ ብቻዬን ወጥቻለሁ፤ አልዋሽም። ትናንት ባጫ ‹የማኅበሩን ቦታ ይዞ ለነጋዴ የሚሸምን አለ፤ ነገ በስብሰባ ስሙን እጠራለሁ› ብሎን ነበር።»

ሾዴ ሁሉንም በጉድጓዱ ዙሪያ አቆመች። ጨርቁን ጎተተችና አፍንጫዋን ነፋች።

«ይህ ከክሩ ወዲህ ያለው ምን ዓይነት ሥራ ነው? አህያ በሰኮናው የሸመነው ይመስላል።»

«አህያ?» ሶሬሳ ፊቱ ቀላ። «ዓይን የለሽም? ሽሮ ሜዳን ብትዞሪ እንዲህ አጥብቆ የሚመታ አንድ ሰው አታገኚም።»

«አንድ አገኘሁ» አለች። «ከክሩ ወዲያ ያለው እንደ ወንፊት የሳሳ ነው፤ ትከሻው የወደቀ ሽማግሌ እጅ ነው። ከክሩ ወዲህ ግን መርፌ አያስገባም። እትዬ ጀዊሪያ መፍተል እንጂ መሸመን አታውቅም። ዮናስ ጠዋቱን ድንኳን ላይ ነው። ባጫን የገደለው፣ በስብሰባ ስሙ እንዳይጠራ ብሎ፣ ጀዊሪያ እንደወጣች ገባ። ከዚያ ሬሳውን አጠገቡ አስተኝቶ፣ ባጫ እስከ ቀትር የኖረ እንዲመስል ሁለት ክንድ ሸመነለትና ወደ ጉድጓዱ መለሰው። ለባጫ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ላንተ ግን፣ ሶሬሳ፣ ሦስት ሰዓት ብቻ። እንደ እሱ አሳስተህ ብትሸምን ባልያዝኩህ። እጅህ እምቢ አለህ።»

ሾዴ መቀስ አስመጣችና ጨርቁን ለማስረጃ ቆረጠች። ያን ጊዜ ነው ሶሬሳ የጮኸው፦ «ከመሀል አትቁረጪው፤ ይተረተራል!» ሬሳው አጠገብ እንኳ ዓይኑን አላርገበገበም ነበር።

ፖሊሶች ሶሬሳን ወሰዱት። ከዚያ አንዱ አባል ወደ ጀዊሪያ ዞረ። «እትዬ ጀዊሪያ፣ ነገ ጠዋት ክሩን... ማለቴ፣ ተመለሽና እሰሪልን።»

«እጅ አውጥታችሁ ለምኑኝ» አለች።

አንድ በአንድ አወጡ። ጀዊሪያ እስከ መጨረሻው እጅ ቆጠረች።

«እንደዚያው ቆዩ» ብላ እንዝርቷን ይዛ ወጣች።