ግዛ ወይስ ተው

እኛ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ቃል ብቻ ነው ያለው፤ «ግዛ» እና «ተው»።

ሕጉን ያወጣው አባቴ ነው። ሰው ያገለገለ መኪና ሊገዛ ሲያስብ መጀመሪያ ወደ እኛ ያመጣዋል፤ እኛ ከኮፈን እስከ ማርሚታ እንፈትሸዋለን፤ መጨረሻ ላይ ከሁለቱ አንዱን እንናገራለን። «እስቲ ይሁን»፣ «ምንም አይልም»፣ «እንደ አያያዝህ ነው» የሚባል ነገር የለም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ጠርጥሮ ለመጣ ሰው ደግሞ ግማሽ መልስ መስጠት ነውር ነው» ይላል አባቴ። ወገቡ እምቢ ካለው ወዲህ በሩ ላይ ወንበር ዘርግቶ ይቀመጣል። መኪና ሥር ለመፈተሽ ጉድጓዱ ውስጥ የምገባው እኔ ነኝ፤ ቃሉንም የምሰጠው እኔ። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ዋሽቻለሁ። የማወራችሁም ስለዚያች አንድ ጊዜ ነው።

ባለመነጽሩ መጀመሪያ የመጣ ቅዳሜ፣ መኪናዋን ከማየቴ በፊት ድምጿን ነው የሰማሁት። ቢጫ ናት፣ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ። በራችን ላይ ስትደርስ አሳላት፣ ተንዘፈዘፈች፣ ከዚያ ቀጥ አለች።

መሪውን የያዙት ባለቤቷ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ። ጉልበታቸው ፍሪሲዮን መርገጥ ስላቃተው ነው የሚሸጧት። ጎናቸው ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ ወጣት ተቀምጧል። ሊገዛ ያሰበው እሱ ነው። ከእኛ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ የመነጽር ሱቅ አለው፤ ዓይን ይለካል፣ መስታወት ይቆርጣል፣ ፍሬም ይገጥማል።

«ልጄ ምንም አልሆነችም» አሉ እትዬ አዋላጅ፣ ገና ሳልነካት። «ትንሽ ብርድ መትቷት ነው።»

«እትዬ፣ ብርድ የሚመታው ሰውን ነው። እስቲ ኮፈኑን ይክፈቱልኝ።»

ከላይም አየኋት፣ ከታችም ገብቼ አየኋት። ራዲያተሯ ያፈሳል። ፍሪሲዮኗ ያንሸራትታል። ፍሬኗ አለ ለማለት ያህል ነው ያለው። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋን በሽቦ አስረውታል፤ ሽቦውም ዝጓል። ወጥቼ እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ፣ «ተው» አልኩት።

ሰውዬው መች ይሰማኛል! ጣሪያዋን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ወንበሯ ላይ ተደላድሎ ሰማይ ያያል። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የአዋቂ ሰው ደስታ አይደለም።

«ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ» አለ መነጽሩን እያስተካከለ። «ግን እስቲ እንዲህ እንየው። ጠግኖ መግዛት አለ፤ ትቶ መሄድ አለ። የትኛው ይሻላል?»

«ሦስተኛው! ሌላ መኪና ግዛ!»

ኋላ ነው የገባኝ፣ የሥራው አመል ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ዓይን ላይ መስታወት እየቀያየረ «ይሄኛው ይሻላል ወይስ ይሄኛው? አንደኛው ወይስ ሁለተኛው?» ሲል ይውላል። መልስ የሚሰጠው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ራሱ ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ነገር ቁርጥ አድርጎ የተናገረው መቼ እንደሆነ እንጃ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ብቻውን መጣ። መኪናዋን እየነዳ፣ ወንበሩ ላይ አዲስ ራዲያተር እንደ ሕፃን አስቀምጦ።

«ገዛሃት?»

«ኧረ ገና ነኝ። እትዬ አምነውኝ ነው የሰጡኝ። ይሄን ግጠሚላትና እንደገና እያት፤ ለመወሰን ይረዳኛል።»

«የሰው መኪና ነው በራስህ ወጪ የምታሳድሰው?»

«ከመወሰኔ በፊት...»

«የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማህም?»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባልም ሰምቻለሁ» አለ፣ ረጋ ብሎ። አባቴ በሩ ላይ ሆኖ ሳቁን ሲያፍን ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

ምን አደርጋለሁ፣ ገጠምኩለት። የእጅ ባትሪ ይዞ ያበራልኝ እሱ ነው። ብዙ ሰው ባትሪ ያዝልኝ ስትሉት ወይ ዓይናችሁ ውስጥ ያበራል፣ ወይ ጣሪያ ላይ። እሱ ግን እኔ የማየው ቦታ ላይ ነው የሚያበራው። ዓይኔ ወደ ግራ ሲዞር ብርሃኑም ወደ ግራ ይዞራል። አንዴ ቀና ስል ባትሪው የሞተሩ ካንዴላ ላይ ነው፣ እሱ የሚያየው ግን እኔን ነው። ከዚያ ቁልፉ ከእጄ ወድቆ እግሬን መታኝ።

ጨርሼ ፈተሽኳት። ፍሪሲዮኗ እንዳለ ነው። «ተው!» አልኩት፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ።

«እሺ። እንግዲያው ቅዳሜ ፍሪሲዮኑን ይዤ እመጣለሁ።»

ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ ነገሩ። ይባስ ብሎ ደግሞ እኔ ሴትዮዋ ሐሙስ ሐሙስ ቱታዬን ማጠብ ጀመርኩ። በግራሶ የተነከረ ቱታ! ለማን ነው የማጥበው? ራሴን ስጠይቅ መልሱ አናደደኝ፤ ደግሜም አጠብኩት።

እኔ ደግሞ ጊዜ አልነበረኝም። ግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ካለ ከተማ፣ አንድ የአውቶቡስ ድርጅት የጋራዡ ኃላፊ ሊያደርገኝ ጠርቶኛል። አርባ አውቶቡስ፣ በስሬ አሥራ ሁለት መካኒክ። ከልጅነቴ ጀምሮ የተመኘሁት ነው። መልሴን እስከ ወሩ መጨረሻ እየጠበቁ ነው። ከሁለት ወር በፊት ቢሆን ደብዳቤውን አንብቤ ሳልጨርስ ሻንጣዬን እዘጋ ነበር። አሁን ግን ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ታጥፎ ከርሟል፤ ምክንያቱ ደግሞ አንድ መኪና መግዛትና አለመግዛት ያቃተው ሰው ነው። ጨጓራዬን ላጠው እኮ!

በሦስተኛው ቅዳሜ ፍሪሲዮኑን ስገጥም ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ብርሃኑ ከዓይኔ ተለየ።

«መቼ ነው የምትሄጂው?»

«እሄዳለሁ አላልኩም። ምን ትላለህ አንተ?»

ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና፣ «መሄዱም የራሱ ጥቅም አለው፤ መቅረቱም...» ብሎ ጀመረ።

ቁልፉን ጎማዋ ላይ ወረወርኩት። «ተው! አትግዛት! ፍሬኗ አይሠራም፣ ማርሚታዋ በሽቦ ነው፣ ቀለሟም አስቀያሚ ነው!»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» አለ አባቴ ከበሩ ላይ፣ ለማንም እንዳልተናገረ ሰው።

በአራተኛው ቅዳሜ ፍሬኑንም ማርሚታውንም በአንድ ቀን ጨረስን። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ፈተሽኳት። ሁለት ጊዜ። ሦስት ጊዜ። የሚፈስ የለ፣ የሚንኳኳ የለ። ሞተሯን ሳስነሳት እንደ ድመት ታንኮራፋለች።

ማለት የነበረብኝ ቃል አንድ ነው። ግን «ግዛ» ካልኩት ይገዛታል፤ ከገዛት ደግሞ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ቀና ብዬ አየሁት። አፍ አፌን እያየ ይጠብቃል። አባቴም ወንበሩን ወደ እኛ አዙሯል።

«ተው» አልኩ።

«ምኗ ነው?»

«እ... ሞተሯ። ድምጹ አላማረኝም።»

አመሰገነኝ፣ ገባ፣ ነድቶ ሄደ። ድምጿ እስኪጠፋ ድረስ ጥርት ያለ ነበር። አባቴ ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

በአምስተኛው ቅዳሜ አልመጣም።

ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። የታጠበ ቱታዬን ለብሼ አንዱን ቡሎን አሥር ጊዜ አጠበቅሁት። አምስት ሰዓት ላይ አባቴ ጠራኝና ፊቱ ቆምኩ።

«ያቺ መኪና ምንም አልነበረባትም» አለኝ።

ቁልፉን በጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ።

«ሠላሳ ዓመት እዚህ ቤት ውስጥ ያ ቃል ተዋሽቶ አያውቅም። አሮጊቷ መኪናቸውን መሸጥ አለባቸው፤ ልጁ ደግሞ አንቺን አምኖ የወደደውን ሊተው ነው። ለምን እንደዋሸሽ አውቃለሁ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ግን ሄደሽ አስተካክዪ።»

«አባዬ፣ ምን ብዬ?»

«እውነቱን ብለሽ። ሌላ ምን አለ?»

ቱታዬን እንኳ ሳላወልቅ ሄድኩ። ሱቁ ክፍት ነው። ባለመነጽሩ ከጀርባው ክፍል ገመድ ይዞ ሲወጣ አገኘሁት። ነጩ ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል፣ ጫማው አቧራ ለብሷል፣ ግንባሩ ላይ ግራሶ አለ። ምን ሆነህ ነው ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ካቆምኩ እንደማልጨርሰው አውቃለሁ።

«መኪናዋ ደህና ናት» አልኩት። «ዋሽቼህ ነው። ምንም አልነበረባትም። ግዛት።»

ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ለምን ዋሸሽኝ?»

«ከገዛሃት ቅዳሜ ቅዳሜ አትመጣማ!» እንባዬ መጣ፤ እንባዬ በመምጣቱ ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ። «ወድጄህ ነዋ! አንተ መኪና መምረጥ ያልቻልክ ሰው፣ ወድጄህ ነው! ሰኞ መልስ መስጠት አለብኝ፤ አንተ ግን ይሄም ጥቅም አለው፣ ያም ጥቅም አለው ትለኛለህ!»

ከዚያ መሳቢያውን ከፈተና አንድ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። የሽያጭ ውል ነው። የእትዬ አዋላጅ ፊርማ አለበት፣ የእሱም። ቀኑን አነበብኩት። አላመንኩም፤ ደግሜ አነበብኩት።

«ይሄ እኮ... የመጀመሪያው ቅዳሜ ካለፈ በኋላ ያለው ሰኞ ነው።»

«አዎ።»

«ተው ብዬህ?»

«ተው ስላልሽኝ ነው የገዛኋት። ደህና መኪና ብገዛ ምን ብዬ እመለሳለሁ?»

አንድ ነገር ልወረውርበት ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ያለው ሁሉ መስታወት ነው። አምስት ቅዳሜ! እኔ ሰውዬው መወሰን አይችልም እያልኩ ስቃጠል፣ እሱ በሁለት ቀን ወስኖ፣ ውል ተፈራርሞ፣ እኔ ፊት ቆሞ «ገና ነኝ» ይላል!

«ታዲያ ዛሬ ለምን ቀረህ?» አልኩ።

መሬት መሬት አየ። «አልቀረሁም። ወደ ጋራዡ ስመጣ ድልድዩ ጋ ቆመችብኝ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ስገፋ ነበር። ልደውልልሽ ብዬ፣ ‹ተው አላልኩህም?› እንዳትዪኝ ፈራሁ። የሚጎትት ሰው ልፈልግ ነው ገመዱ።»

ሳቄ መጣ። ምን ዓይነት ዕጣ ነው፣ ስዋሽ እንኳ እውነት ይሆንብኛል!

አብረን ሄድን። ድልድዩ ጋ ጥግ ይዛ ቆማለች፣ ቢጫዋ፣ ምንም እንዳላደረገች። ኮፈኑን ከፈትኩ። የነዳጅ ፓምፑ ነው። ሦስት ጊዜ ፈትሼ አላየሁትም፤ ዓይኔ የት እንደነበር እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ባትሪ ሳያስፈልግ በጠራራ ፀሐይ ባትሪውን አብርቶ ያዘልኝ፤ አልተቆጣሁትም።

«አሁን አንድ ቃል ንገረኝ» አልኩት ከኮፈኑ ሥር ሳልወጣ። «ሁለቱን እያማረጥክ አይደለም። በእኛ ጋራዥ ሕግ። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

«ሂጂ» አለ፣ ወዲያው።

ልቤ ተቆረጠ። ቀና ስል ጭንቅላቴን ኮፈኑ መታኝ።

«ሂጂ» አለ ደግሞ፣ የመታኝን ቦታ በእጁ እየያዘ። «ስለ አርባዎቹ አውቶቡሶች ስታወሪ ዓይንሽን አይቼዋለሁ፤ ዓይን ማየት ሥራዬ ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። ሱቁንም ቀስ ብዬ ወደዚያው አዛውራለሁ፤ እዚያም ዓይን ያለው ሰው አይጠፋም። እወድሻለሁ። ወስኛለሁ።»

«በዚች መኪና ነው የምትመጣው? ግማሽ ቀን መንገድ? አትደርስም!»

«ከቆመች ደግሞ መካኒክ አውቃለሁ።»

ሰኞ «እሺ» ብዬ ጻፍኩ። ወር ሳይሞላ አባቴ ሁለት መካኒክ ቀጥሮ፣ እኔን ራሱ አውቶቡስ ድረስ ሸኘኝ።

እዚያ ከተማ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ ያለው ሰው እስከ ሰባት ሰዓት አልደረሰም። የድርጅቱ በር ላይ ቆሜ አንድ መቶ የስድብ ዓይነት አዘጋጀሁ። ሰባት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ቆመች» አለኝ።

የቁልፍ ሳጥኔን አንጠልጥዬ ወደዚያ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ በኋላ ሜዳ መሃል አየኋት። ጣሪያዋ ተከፍቷል። እሱ ወንበሯ ላይ ተደላድሎ ሰማይ ያያል፤ ፊቱ ላይ ያው የመጀመሪያው ቀን ደስታ አለ። ስድቦቼን ሁሉ ረሳሁ። በሩን ከፍቼ ጎኑ ተቀመጥኩ።

ስልኬ እንደገና ጮኸ። አባቴ ነው።

«ልጁ ደረሰ?»

«ግማሽ መንገድ ላይ ነው ያለው፣ አባዬ።»

«አንቺስ?»

«እኔም ግማሽ መንገድ ላይ።»

«ግማሽ መልስ አልቀበልም» አለ፣ እየሳቀ መሆኑ ከድምፁ ይታወቃል። «ከሁለቱ አንዱን።»

ጎኔ ያለውን ሰው አየሁት። ባትሪውን አውጥቶ ገና የቁልፍ ሳጥኔን ሳልከፍት እያበራልኝ ነው።

«ገዝቼዋለሁ» አልኩት አባቴን፤ ስልኩን ዘግቼ ኮፈኑን ልከፍት ወረድኩ።