የማይጤሰው ክምር

«ሰማሽኝ ሉሊት? የሚጤሰውን እሳት ዶሮም ይሸሸዋል። እኔ የምፈራው የማይጤሰውን ነው» አለች ሸዋዓለም፣ ማጭዷን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ። «ማርቆስ ወደ ክምሩ እንዳይሄድ። የበሩ መቀርቀሪያ ላልቷል፤ አባትሽ ዛሬ ነገ እያለ ነው። አጥብቀሽ አስገቢው።»

«እሺ እማዬ።»

«በአፍሽ ነው በልብሽ?»

«በሁለቱም!»

ልጆች፣ ሉሊት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤታቸው ቁሐር ሚካኤል ነው፤ በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በኅዳር ሩዝ የሚታጨድበት ሜዳ። ወንድሟ ማርቆስ ገና ዳዴ ይላል። አባቷ በላይነህ የሩዝ ገለፈት ግቢው ጥግ ከምሮ አቃጥሏል። ገለፈት ደግሞ ጉደኛ ነው። ላዩ ቀዝቃዛ ዐመድ ይመስላል። ውስጡ ረመጥ ነው።

ሉሊት በሩን ቀረቀረች። ማርቆስ ተኛ።

ከዚያ ከበሮ ተሰማ።

«ለሚካኤል እየተለማመድን ነው! አንድ ከበሮ መቺ ጎደለን፤ ነይ!» አለች ጎረቤቷ ሰገን ከአጥሩ ማዶ።

«ልጅ እየጠበቅሁ ነው።»

«የተኛ ልጅ ምን ይጠበቃል? ወይስ ከበሮውን ፈራሽው?»

ሉሊት መቀርቀሪያውን አወጣች። አንድ መዝሙር ብቻ። መዝሙር ደግሞ ምን ኃጢአት አለው? እናንተም እንዲሁ ትሉ ነበር፤ አውቃችኋለሁ።

አንዱ መዝሙር ሌላውን ጠራ።

ከዚያ ጩኸት።

ማርቆስ ነቅቶ ጫጩት ተከትሎ ወጥቷል። ጫጩቷ በክምሩ ላይ ዘልላ አመለጠች። የእሱ እጅ ግን ገባ።

ሉሊት ቅቤ ይዛ ሮጠች። ጎረቤታቸው እትዬ አማከለች ቀድመዋታል።

«ቅቤውን መልሺ! ውኃ አምጪ፣ ቀዝቃዛ ውኃ!»

ለረጅም ጊዜ እጁ ላይ ውኃ አፈሰሱ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፈኑት። እናቱ ከማሳ ደረሰች፤ በባጃጅ ወደ ወረታ ጤና ጣቢያ ይዛው ሄደች።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ተመለሱ። የማርቆስ እጅ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ጣቶቹ ይድናሉ። ጠባሳው ግን አይለቅም» አለች እናቱ።

«በሩ እንዴት ተከፈተ?» አለ በላይነህ።

ሉሊት መሬት መሬት አየች። «መቀርቀሪያው ወለቀ።»

የአባቷ ፊት ጠቆረ። «ስንት ጊዜ ነገርሽኝ ሸዋዓለም! ልጄን ያቃጠልሁት እኔ ነኝ።»

መጥረቢያውን አንሥቶ አዲስ መቀርቀሪያ ይጠርብ ጀመር። ይጠርባል፤ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል፤ ደግሞ ይጠርባል። ሉሊት ቆማ አየችው። ስብርባሪው እግሯ ሥር ወደቀ።

«አባዬ፣ ተው።»

«ምን ሆንሽ?»

«መቀርቀሪያው አልወለቀም። እኔ ነኝ የከፈትሁት። ከበሮ ልመታ ሄጄ።»

መጥረቢያው ቆመ።

«ለሚካኤል ብዬ ነው…»

«ሚካኤል ጠባቂ ነው፤ ከጥበቃው አይጠፋም» አለ አባቷ። መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ረመጥ ልጅ ባለበት ግቢ የተውሁት ግን እኔ ነኝ። ነይ፣ ባልዲውን ያዢ።»

ክምሩ ሲንሾካሾክ፣ ሲንሾካሾክ፣ ዝም እስኪል ድረስ አብረው ውኃ አፈሰሱበት። ሉሊት እናቷን ይቅርታ ጠየቀች። ማርቆስንም ጠየቀችው፤ እሱ አፍንጫዋን ያዘ።

ልጆች፣ ሕፃን ጠብቅ የተባለ ሰው ዓይኑን ከሕፃኑ አይነቅልም፤ ቢሳሳትም ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ አይተውም።

በማግሥቱ ከበሮ ተሰማ።

«ሉሊት! ነይ እንጂ!»

ማርቆስ ፋሻውን እየጎተተ ወደ ደጃፉ ዳዴ አለ።

ሉሊት በሩን ከውስጥ ቀረቀረች።